የቀረ ሰው አለ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እህቴ ሶስና ሳሎን ውስጥ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ አገኘኋት። ደነገጥኩ። ሶስና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በቀላሉ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አጠገቧ ተቀምጬ ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። ነገሩ እንደፈራሁት አልነበረም። ለዓመታት የምትከታተለው፣ በከዋክብት መካከል የሚሆነውን ሁሉ የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም አለ፤ የዚያ ፊልም ዋና ተዋናይ መሰናበቱን ተናግሯል። የመጨረሻው ክፍል እሁድ ይለቀቃል። ጓደኞቿ በሙሉ በስልካቸው የሚያለቅስ ፊት እየተላላኩ ነው። አንዷ «ከእንግዲህ ማንን ልጠብቅ ነው?» ብላ ጽፋለች። አንዱ የተዋናዩን ፎቶ የራሱ አስመስሎ ገጹ ላይ ለጥፏል። «እሱ ከሌለ እኔም አላይም» ያሉ አሉ፤ ሶስና ግን እነሱንም አታምናቸውም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የነበረው አባዬ ጭንቅላቱን ወደ በሩ ዘንበል አድርጎ «ማነው የሚያለቅሰው?» አለ። አባዬ ዓይነ ስውር ነው፤ ለቅሶ ግን ከግቢ ውጭ ሆኖም ይሰማል። «ሶስና ናት አባዬ። የፊልሙ አክተር ሊሄድ ነው» አልኩት። ከዚያ «አክተር አይሞትም በያት» አለና ፊቱን ወደ ፀሐዩ መለሰ።

ሶስና እንባዋን እየጠረገች «አባዬ ደግሞ ስለ ፊልም ምን ያውቃል?» አለችኝ። ልትነግረኝ የፈለገችው አንድም ቀን ፊልም አይቶ እንደማያውቅ ነው። እውነቷን ነው፤ አይቶ አያውቅም። ፊልም በጆሮው ይከታተል በነበረበት ጊዜ እሷ እማዬ ጀርባ ላይ የምትታዘል ሕፃን ነበረች። እኔ ገና ሠላሳዎቹን የጀመርኩ በመሆኔ ስለ ድሮ ሳወራ «ለትዝታ ገና ነሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ከተማ ግን ከሰው ቀድሞ ያረጃል፤ እኔ ያደግኩባት ሀዋሳ ዛሬ ብፈልጋት የማላገኛት ከተማ ናት።

ያን ጊዜ ሀዋሳ የሳይክል ከተማ ነበረች። ባጃጆች ገና መግባታቸው ስለነበር አንዱ ሲያልፍ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የእኛ ሰፈር መንገድ ድንጋይ አልተነጠፈበትም፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛል። ሸንኮራ አገዳ የምትሸጠው ሴት አንጓ አንጓውን እየቆረጠች በሳንቲም ትሰጠናለች። ጎረምሶቹ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ከኮንጎ ጫማ ጋር ያደርጋሉ፤ ፀጉራቸውን በጄል ያቆሙታል፤ የካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ካለቀም በኋላ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ከካሴት ቤቱ ፊት ለፊት የመዝሙር ቤት ነበረ። ሁለቱም ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ ስላወጡት መንገዱ መሃል የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ፍቅርን፣ በሌላው ንስሐን ይሰማል። ከሁለቱ አለፍ ብሎ ደግሞ ቪዲዮ ቤቱ ነበረ።

ለሶስናና ለእኩዮቿ ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበረ ማስረዳት አለብኝ። ጣራና ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክፍል ነው። ውስጡ ላብ፣ ቆሎና የሞቀ ቆርቆሮ ይሸታል። ፊት ለፊት ከፍ ባለ ብረት ላይ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዲቪዲ፣ አጠገቡ ደግሞ ማይክ የያዘ ሰው ይቀመጣል። ይህ ሰው ተርጓሚው ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተርጓሚው እዚያው ቁጭ ብሎ ለሁሉም በአማርኛ ይናገርላቸዋል፤ ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለሕፃኑም፣ ለጭራቁም። ምን እየሆነ እንዳለም ይተርካል። «አሁን በሩን ከፈተ። ኧረ ተመልሰህ ዝጋው በሉት» ይላል። ዋናው ተዋናይ ስም ቢኖረውም ስሙ «አክተሩ» ነው። ሕፃን እንኳን የሚያውቀው አንድ ሕግም ነበረ፦ አክተር አይሞትም። በጥይት ቢመቱት፣ ከገደል ቢወረውሩት ይነሳል። የኛ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ታምራት ይባል ነበር። ቀጭን፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን ከዚያ ቀጭን ሰውነት ከየት እንደሚወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዝቅ ሲያደርገው ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

አባዬ ሹፌር ነበረ። ሀዋሳንና ዲላን በሚያመላልሰው መስመር ላይ ቅጥቅጥ የምንላትን መካከለኛ አውቶቡስ ለብዙ ዓመት ነድቷል። ከዚያ የዓይን ግፊት ያዘው። መጀመሪያ ከዳር የሚመጣውን ሰው ማየት ተወ፤ እኛ ስናውቅ ሐኪሞቹም የሄደው አይመለስም አሉ። መሪውን ለሌላ ሰው አስረክቦ የገባ ዕለት ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። ወራት አለፉ። ሰው ሲጠይቀው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። እማዬ የቸርቹን ሽማግሌዎች ታመጣለች፤ ይጸልዩለታል፤ አሜን ይላል፤ ሲወጡ ተመልሶ ይተኛል። የድሮ ረዳቱ እንኳን መጥቶ ስለ መኪናዋ ሲያወራለት መልስ አልሰጠውም። እማዬ ማታ ማታ «ሰው ዓይኑ ጠፍቶ ይኖራል፤ አባትሽ ግን እየጠፋ ያለው ራሱ ነው» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ ይዤው ስመለስ በቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ አለፍን። እኔ ዓይናፋር ነኝ፤ በዚያ ደጃፍ ማለፍ አልወድም፤ ስለዚህ እጁን ይዤ ፈጠን አልኩ። ከድምፅ ማጉያው የታምራት ድምፅ ይወጣል። ተከታታይ ፊልም ነው፤ በከዋክብት መካከል ሰው የምታመላልስ መርከብ ናት። ነዳጇ አልቋል፤ ካፒቴኑ የቀረችውን ጭላጭ ይዞ የትኛው ቁልቁለት ላይ ሞተር እንደሚያጠፋ ያስባል። አባዬ ቆመ። እጄን ይዞ አስቆመኝና «ቆይ። ነዳጅ አልቆበታል?» አለ። የጤና ጣቢያውን ካርድ በሌላ እጁ እንደያዘ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ቆመን ሰማን። ቤት ስንደርስ ለእማዬ «ሰማይም ላይ ቁልቁለት አለ አሉ» አላት። እማዬ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ሳህኑን ይዛ ቀረች። ከወራት በኋላ ስለ አንድ ነገር ሲያወራ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ነው እሁድ እሁድ እኔ ከቸርች ስመለስ ከአባዬ ጋር ቪዲዮ ቤት መሄድ የጀመርኩት። እማዬ ዘማሪ ናት፤ ቪዲዮ ቤት ለእሷ የዓለማውያን ቦታ ነው። መጀመሪያ «ሰው ምን ይለናል?» አለች። ከሁለት እሁድ በኋላ የአባዬን ሸሚዝ ራሷ መተኮስ ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላነሳችም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሴት ልጅ አልነበረችም። ጉልበቴን አጥፌ አባዬ ጎን እቀመጣለሁ፤ ማንም አይነካኝም፤ እንዲያውም «ለጋሽ ጴጥሮስ ልጅ ቦታ ልቀቁ» ይባላል። ሥራዬ መጀመሪያ የሚታየውን በጆሮው ማንሾካሾክ ነበር፤ ታምራት ግን ሁሉንም ስለሚናገር እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። ዝም ብዬ አያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ መርከቧ ከፀሐይ ጀርባ ቀስ ብላ ስትወጣ ያየሁ ቀን የአባዬን እጅጌ ጨምድጄ ይዤ ነበር። ያ ቴሌቪዥን ከአንድ የእህል ጆንያ አይበልጥም፤ ሰማዩ ግን እንዴት ውስጡ እንደገባ አላውቅም።

አባዬ ፊልሙን የሚሰማው እንደ ሹፌር ነበር። ካፒቴኑ በፍጥነት ሲያዞር «ኧረ ተሳፋሪ ይዘሃል» ይላል ጮክ ብሎ። ክፍሉ ይስቃል። በተለይ ሙባረክ የሚባል፣ ከአባቱ ጋር ጫማ የሚሸጥ ልጅ ነበረ፤ ምላሱ አያርፍም።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ይሄ ካፒቴን ግን መንጃ ፈቃድ አለው?»

«አለው» ይላል አባዬ። «በትውውቅ ያገኘው ነው እንጂ።»

«እርስዎ ቢነዱትስ ኖሮ?»

«እኔማ ብነዳው ይሄን ጊዜ ዲላ ገብተን ቁርጥ እየበላን ነበር።»

መርከቧንም «ቅጥቅጧ» ብለው ጠሯት፤ ስሙ ጸናባት። አንድ እሁድ ታምራት ፊልሙ ሳይጀመር አባዬ አጠገብ ቁጢጥ አለና «ጋሼ፣ ካፒቴኑ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይላል፤ በአማርኛ አልጣፍጥ አለኝ። እናንተ ከመናኸሪያ ስትወጡ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ሳያስብ «የቀረ ሰው አለ? ነዋ የሚባለው» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካፒቴኑ ሞተር ሲያስነሳ «የቀረ ሰው አለ?» ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «የለም» ይላል፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። አባዬ ያን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር በቃል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። መሪ የያዘ ሰው ፊት ነው።

ከዚያ ወሬው መጣ። አክተሩ ሊሰናበት ነው፤ ከሚቀጥለው ጀምሮ ሌላ ሰው ነው የሚነዳት። ሰፈሩ ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አላወራም። ሙባረክ «ደሞዝ ጨምሩልኝ ብሎ እምቢ ብለውት ነው» ይላል። ሌላው «ታሟል» ይላል። ጫማ የሚጠርጉት ልጆች አዲሱን ሰው ገና ሳያዩት ጠሉት። ደጃፉ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ታምራት በነጭ ጠመኔ «እሁድ፦ የካፒቴኑ ስንብት» ብሎ ጻፈ፤ ሰዎች ሰሌዳው ፊት ቆመው እንደ ለቅሶ ቤት ማስታወቂያ ያነቡታል። አባዬ ግን ምሳውን ሳይጨርስ መነሳት ጀመረ። አንድ ቀን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ አገኘሁት። «ስንብቱን እንሂድ። ከዚያ በኋላ እንኳ መሄዱንም እንጃ» አለኝ። እማዬ ይህንን ከጓዳ ሰማች። በነጋታው ጠዋት አልጋዋ ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ በበሩ ሳልፍ «ጌታ ሆይ፣ ያንንም ሰውዬ አቆየው» ስትል ሰማኋት። ፊልም አይታ የማታውቅ፣ ስለ ቪዲዮ ቤት ንስሐ የምታስገባ ሴት ለአንድ የፊልም ካፒቴን ስትማልድ። ያን ጊዜ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አልስቅም።

ቅዳሜ ሳሙና ልገዛ ሱቅ ስሄድ ታምራት ከኋላዬ መጣ። ሁልጊዜ ፊልሙን አንድ ቀን ቀድሞ ለብቻው ያየዋል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አየሁት» አለኝ።

«ይሞታል?» አልኩት። ከዚያ በፊት ለታምራት ከሰላምታ ሌላ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«መርከቧ ውስጥ እሳት ይነሳል። ተሳፋሪውን በሙሉ ወደ ሌላ መርከብ ያሻግርና እሱ ይቀራል። ከእሷ ጋር ይቃጠላል።» ባለ ሱቁን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ጋሽ ጴጥሮስን ባታመጫቸውስ? አሞኛል በያቸው።»

«ሸሚዙ ተተኩሷል» አልኩት።

ታምራት ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አምጫቸው» አለና ሄደ።

እሁድ ከወትሮው ዘግየት ብለን ደረስን። አባዬ በዚያ ሙቀት የሹፌርነቱን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ስንገባ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሸንኮራ ሻጯ እንኳን ገበያዋን ትታ በሩ ሥር ቆማለች። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም አላፏጨም። ሙባረክ ተነስቶ አባዬን በክንዱ ይዞ የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠው። እኛ ከመድረሳችን በፊት ምን እንደተባለ ከብዙ ጊዜ በኋላ የነገረኝ እሱ ነው። ታምራት ማይኩን አጥፍቶ፣ አግዳሚ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ እዚህ ቤት አክተር አይሞትም። የምታዩትን እዩ፤ የምትሰሙት ግን የኔን ነው። ድምፅ ያሰማ ሰው ተመልሶ እዚህ በር አይገባም» ብሏቸው ነበር። አንድም ሰው ለምን አላለም። ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ፊልሙ ጀመረ። እሳቱ ከሞተሩ ክፍል ተነሳ፤ ታምራት «ሞተሯ ትንሽ ሞቃለች» አለ። ሰዎቹ እየተላቀሱ ወደ ሌላዋ መርከብ ሲሻገሩ «ተሳፋሪው እዚህ ይወርዳል፤ ሻንጣቸውን እያወረዱ ነው፤ ካፒቴኑን እየሳሙት ነው» አለ። በሩ ተዘጋ። ካፒቴኑ ብቻውን ቀረ። ጢሙ ላይ የእሳቱ ብርሃን ይጫወታል። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ እኛ አየ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። ታምራት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካፒቴኑ አዲስ መስመር ተመድቦለታል። ረጅም መስመር ነው፤ ማንም ነድቶት አያውቅም። ብቻውን ነው የሚሄደው። ጋሼ፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ጉድጓድ የለውም። ግራና ቀኙ ኮከብ ነው። መስኮቱን ከፍቶታል፤ ነፋሻ ነው።» እኔ የማየው እሳት ነው፤ ጣራው ሲፈርስ ነው። ዓይኔ አንዱን፣ ጆሮዬ ሌላውን ይዞ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ። ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁ። ሁሌ የሚጮኸው፣ የሚሳደበው፣ ቆሎ የሚወራወረው ጎረምሳ ሁሉ አፉን በእጁ፣ በኮፍያው፣ በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ ያለቅሳል። አንድ ድምፅ የለም። ያን ያህል ሰው ለአንድ ሰው ብሎ እንዲያ ዝም ሲል ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እንደዚያ ያለ ነገር ቸርች ውስጥም አልገጠመኝም።

ከዚያ የካፒቴኑ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ታምራት «የቀረ ሰው አለ?» አለ።

ማንም አልመለሰም። መልሱ ፊታቸው ቁጭ ብሏል፤ የቀረው ካፒቴኑ ራሱ ነው። ዝምታው ረዘመ። አባዬ ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና አደረገ። ያኔ ሙባረክ በተሰነጠቀ ድምፅ «የለም» አለ። ከኋላው ሌላ ሰው «የለም» አለ፤ ከዚያ ሁሉም። ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆነ።

አባዬ ተነስቶ ጃኬቱን አስተካከለ። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሙቀት አድርጎ «በሰላም ይግባ» አለ። ክፍሉ በሙሉ «አሜን» አለ፤ ሙባረክም «አሚን» አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሳይክል ከሚያከራዩት ልጆች አጠገብ አለፍን። ከዚያ እጄን ጨበጥ አደረገና «አክተሩ ሞተ፣ አይደል?» አለኝ።

«ዝም አልሽ» አለ። «እነሱም እንዲሁ ነው ዝም ያሉት። ሹፌር እኮ ነኝ። የተኛ ተሳፋሪ ዝምታና ሬሳ የያዘ ተሳፋሪ ዝምታ ይለያል፤ ዞሬ ሳላይ አውቀዋለሁ።»

«አዝነሃል?» አልኩት።

«እንዳትነግሪያቸው» አለ። «በጣም ደክመውበታል።»

«በሚቀጥለው እሁድስ?»

«መሄድ አለብን እንጂ። ብንቀር ያውቁብናል።»

እንዲህ ብሎ ሄደ፤ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም እሁድ። እነሱ ለእሱ የደበቁትን እሱ ከእነሱ እየደበቀ፣ ሌላዋን መርከብ የሚነዳውን አዲሱን ተዋናይ እየሰማ፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ ማርሽ ያንገጫግጫል» እያለ። ከዚያ ወደ መናኸሪያ እየወሰድኩት ከሹፌሮቹ ጋር ሻይ መጠጣት ጀመረ። ከዚያ ቸርች። ከዚያ ብቻውን በዱላው እስከ ጥግ ያለው ሱቅ። ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛበትን ቀን ከዚያ ወዲህ አላስታውስም።

ቪዲዮ ቤቱ ብዙም አልቆየም። ሰው በየቤቱ ዲሽ አስገባ፤ ከዚያ ስልክ መጣ። ዛሬ ቦታው ላይ የመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ሥር የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። በዚያ ሳልፍ አንዳንዴ ወደ መስታወቱ እጠጋለሁ፤ የማየው የራሴን ፊትና የባጃጆቹን ሰልፍ ነው። ታምራትንም ለዓመታት አላየሁትም ነበር። ያ ሶስና ያለቀሰችበት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ የፍራሽ ቅናሽ እያስተዋወቀች ቀስ ብላ ስታልፍ ሰማሁ። ድምፁን አወቅኩት። ፍራሽ ሲያሞግስ እንኳን ትንፋሽ ያስይዛል። ዓይናፋርነቴ ስለማይለቀኝ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ሞንታርቦው «የጋሽ ጴጥሮስ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለ። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳቦውን ፊቴ ላይ ልሸፍነው ነበር። ታምራት እየሳቀ ወረደ። ወፍሯል፤ ጆሮዎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው።

«ጋሼ ደህና ናቸው?» አለ። ከዚያ ድምፁን እንደዚያ እንደ ሱቁ ቀን ዝቅ አድርጎ «እስከ ዛሬ አያውቁም፣ አይደል?» አለኝ።

«አያውቅም» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እኔ በሕይወቴ በደንብ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው» አለ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አባዬን ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጣ። እማዬ ሻይ አፈላች። ሶስና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ካለው ማሰሮ ጋር አስደግፋ የመጨረሻውን ክፍል ከፍታ ነበር፤ አባዬ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። እንግሊዝኛው ብቻ ሲሆንበት «ምን አለ?» አለ ለማንም ሳይል። ታምራት የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ። ሶስና አፏን ከፍታ አየችው። የሚያወራው አማርኛ ስልኩ ላይ ካለው ነገር ጋር አንዳንዴ ይገናኛል፤ አንዳንዴ አይገናኝም፤ ከሁለቱም ግን ያማረው የሱ ነበር። መጨረሻው ላይ ሶስና የምትወደው ሰውዬ በረዶ በሸፈነው ባዶ ፕላኔት ላይ ተንበረከከ፤ ከዚያ ወደቀ። አልተነሳም። ሶስና እንባዋ መጣ። ታምራት አባዬን አየና «ተሳፈረ፣ ጋሼ» አለ።

ሶስና «ኧረ አይደለም፣ እሱማ» ብላ ልታርመው ስትል ጉልበቷን ያዝኩት። አየችኝ። ቀስ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«መንገዱስ?» አለ አባዬ።

«አስፋልት ነው።»

«ጉድጓድ የለውም?»

«የለውም፣ ጋሼ። ነፋሻ ነው።»

አባዬ ወደ ኋላ ተደገፈና «በሰላም ይግባ» አለ። እማዬ ከጓዳ በር ላይ «አሜን» አለች።

ታምራት ከሄደ በኋላ ለሶስና ሁሉንም ነገርኳት። ተነስታ ሄዳ አባዬ እግር ሥር ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ይህንን ልጽፈው እንደምፈልግ፣ ግን ታምራት ቢያነበው ምን ይሆናል ብዬ እንደፈራሁ ለአባዬ ነገርኩት።

«ጻፊው» አለ። «ያነበዋል። ከዚያ እሁድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ምንም እንዳላነበበ ሆኖ እዚህ ይቀመጣል። እኔም ምንም እንዳልተጻፈ ሆኜ እሰማዋለሁ።»